ሸዋ ሮቢት ላይ እሳት ያነደድኩ ዕለት

ሞኝ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ሩቅ አይሂድ፤ እኔ አለሁለት። የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። አገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ፤ በግንቦት ወር ገና ረፋዱ ላይ ውሻው መኪና ሥር፣ ሰው ማንጎ ሥር፣ ባጃጁም ከነሾፌሩ የግድግዳ ጥላ ሥር ይገባል። ከቧንቧ የሚመጣው ውኃ፣ ሲመጣ ማለቴ ነው፣ ሻይ ቅጠልና ስኳር ብቻ ነው የሚጎድለው። እንግዲህ እዚህ አገር፣ በግንቦት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳሎኔ ውስጥ እሳት አንድጄ እንግዳ ተቀብያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ወድጄ ነው።

«ሳሎን ውስጥ ደግሞ የምን እሳት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ቤቴ የግድግዳ ምድጃ አለው። ቤቱን ያሠሩት ሰውዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የደብረ ሲና ሰው ነበሩ። ደብረ ሲና የነበራቸውን ቤት ከመውደዳቸው የተነሣ ወደ ቆላ ሲወርዱ ያንኑ ቤት፣ መስኮት ሳይጨምሩ በር ሳያሰፉ፣ እንዳለ አሠሩት። ጭጋግ የሌለበት አገር መምጣታቸውን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ጥጃ የሚያስተኛ የድንጋይ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ተገተረ። ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ሳያነዱበት ሞቱ። እኔ ቤቱን ስገዛ ውስጡ ዶሮ ታቅፋ ነበር፤ ነዋሪ ናትና አላስነሣናትም። ከእሷ በኋላ ሽንኩርት አስቀመጥንበት፣ ቀጥሎ ጫማ ደረደርንበት። ጭስ ማውጫውን ወፎች ጎጆ ሠርተው ደፍነውታል። በኋላ እንደተረዳነው ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ቦታ እሱ ነው፤ ድመታችን ከየካቲት እስከ ሰኔ ከዚያ አትወጣም። ምድጃውን በትክክል የምትጠቀምበት እሷ ብቻ ነበረች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ልጄ ሀና ደብረ ሲና ታስተምራለች። እዚያ ሳለች ከአንድ የጣርማ በር ልጅ ጋር ተዋደደች። ልጁን አይቼዋለሁ፤ ነውር የለበትም፤ ትንሽ ሲናገር ወደ መሬት ያያል እንጂ። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ገብስና ባቄላ፣ በግና ብርድ ያላቸው ሰዎች። እሑድ ሽማግሌ እንልካለን አሉ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የጀመረው። እኔ ስለ ደገኛ የማውቀው ነገር አለ፤ ወይም አውቃለሁ ብዬ ነበር። ደገኛ ቆላ ሲወርድ እንደ ሐኪም ነው የሚወርደው፤ ወባ አለባችሁ ወይ፣ ውኃችሁ ይጠጣል ወይ፣ ሰው እዚህ እንዴት ይተኛል እያለ። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጥተው ሽንኩርትና ዝንብ አይተው፣ «ከቆለኛ ቤት ወሰድናት» እያሉ አቀበቱን ሊወጡ ነው? በጭራሽ! ሁለተኛም ቶሎ እሺ ላለማለት ወስኛለሁ። እኔ የልጅቷን እናት ሳገባ አማቴ፣ ነፍሳቸውን አይማረው ማለት ነውር ሆኖብኝ እንጂ፣ ሽማግሌዎቼን ጫማቸው እስኪያልቅ አመላልሰዋቸዋል። ያን ብድር ለማን ልመልሰው? ለመጣ ሰው ነዋ።

ሀና ይህን ስለምታውቅ ዓርብ ማታ ከደብረ ሲና መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «አባዬ፣ የልጁ አያት ጋሼ ደምሴ ራሳቸው ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መንገዱም ቀላል አይደለም። እባክህ አታመላልሳቸው» አለችኝ። እኔ ግን የተከበርኩ አባት ስለሆንኩ ጣራ ጣራውን አየሁ። «እናያለን» አልኳት። እንግዲህ ልጄ ትዳሯን በሙሉ በዚህች «እናያለን» ላይ አንጠልጥላ ተኛች።

ችግር ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ የሚስቴን ወንድም ብሩክን ያስከትላል። ብሩክ አዲስ አበባ የቤት ዕቃ ያሻሽጣል። ሥራው ሰው የማያስፈልገውን ነገር እንደሚያስፈልገው ማሳመን ነው። ለሽማግሌው ጉዳይ ሲመጣ ታዲያ በጨርቅ የተጠቀለለ ረዘም ያለ የብረት ሣጥን ተሸክሞ መጣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የአልኮል ምድጃ። የድሮ ቪላ ያለው ሰው ሁሉ እኮ አዲስ አበባ ውስጥ እያስገጠመው ነው! እንጨት የለው፣ ጭስ የለው፣ አመድ የለው። አሮጌው ምድጃህ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ አልኮል ትሞላበታለህ፣ ክብሪት ትጭራለህ፤ አለቀ። ጭስ ማውጫህ ቢደፈንም ግድ የለውም። የጋዝም አለ፤ ላንተ ቤት ግን አልኮል ነው የሚያምርበት።»

«ሙቀቱንስ ምን ላደርገው ነው እዚህ አገር?»

«ሙቀቱን ማን አለህ? ነገሩ ክብር ነው! ደገኛ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሳት አለ የለም ነው። እሳቱ ዳር ታስቀምጠዋለህ፣ ይሞቃል፣ ‹ይሄስ ሰው ነው› ይላል። ከዚያ በኋላ እንደፈለግክ ታመላልሰዋለህ።»

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ከጓዳ ብቅ አለች። «ሙቀት አላስተኛ ብሎን ፍራሽ በረንዳ አውጥተን የምናድር ሰዎች እሳት ልናነድ? ምነው ጤና የላችሁም?» ብላ ተመልሳ ገባች። በዚያ ቤት ውስጥ የዚያን ሳምንት የተነገረው ቁም ነገር ይህ ብቻ ነው። እኛ ግን ወንዶች ስለሆንን ሴት ምድጃ አታውቅም ተባባልን።

ቅዳሜ ሞከርነው። ድመቷን አስወጣናት፤ በጣም ነው የታዘበችን። ብሩክ ከአዲስ አበባ ያመጣውን አልኮል ሞላ፤ ለኮሰ። እውነቴን ነው፣ ያምራል! ሰማያዊና ብርቱካናማ ነበልባል ሣጥኑን ይዞ ይጨፍራል። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጎረቤቴ ሼህ እንድሪስ፣ ማንጎ ነጋዴና ለሽምግልናው በእኔ በኩል ሊቀመጡ ቃል የገቡልኝ ሰው፣ በሩ ላይ ቆመው በኩፊያቸው ፊታቸውን እያራገቡ አዩት።

«ሱብሃነላህ!» አሉ። «ጀሀነምን ለናሙና አስመጣችሁት እንዴ?»

«የክብር እሳት ነው፣ ሼህ።»

«እኛስ ክብራችንን ይዘን ከዚህ እሳት ለመዳን ነበር ዕድሜ ልካችንን የምንሰግድ» አሉና ወደ ጥላቸው ተመለሱ።

ለመጣው ሁሉ እያሳየን፣ እያጠፋን እያበራን፣ ከአዲስ አበባ የመጣው አልኮል ቅዳሜውኑ አለቀ። እሑድ ጠዋት ብሩክ ጠርሙሱን ገልብጦ ሲያንጠባጥብ አገኘሁት። ሽማግሌዎቹ ከጣርማ በር ሚኒባስ ተሳፍረዋል። ፋርማሲ ሄድኩ። ባለ ፋርማሲዋ ትንሽ የእጅ አልኮል እያወጣች፣ «ቁስል ነው፣ ጋሼ?» አለችኝ። «ምድጃ ነው» አልኳት። ጠርሙሱን ሰጠችኝ፤ ግን ዓይኗን ከላዬ አላነሣችም። ያ ደግሞ ለሣጥኑ ጉሮሮ ማርጠቢያ እንኳ አይሆንም።

በዚህ ሰዓት አእምሮ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ተወው ይላል። እኔስ? እትዬ ሸዋዬ ቤት ሄድኩ። እትዬ ሸዋዬ የሚሸጡት ዳግም አረቄ ከቀመሱት በኋላ የራስን ስም ለማስታወስ ጊዜ የሚጠይቅ ነው።

«አንድ ጀሪካን ዳግም» አልኳቸው።

«እሰይ፣ እንግዶች አሉብህ መሰል! ይጠጡልህ።»

«እነሱ አይጠጡትም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚጠጣው?»

«ምድጃው።»

እትዬ ሸዋዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ። «ፀሐይ ላይ ቆመህ ነበር ልጄ? ና እስቲ ጥላው ውስጥ ግባ» አሉኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ባሰባቸው። «ይህን አረቄ ሳወጣ ዓይኔ ጠፍቶ፣ እጄ ተቃጥሎ ነው። ሰው ጠጥቶት ቢወድቅ እንኳ ደስ ይለኛል፤ ብረት ሲጠጣው ግን...» አሉና ጨርሰው መናገር አቃታቸው። ሰጡኝ። ሲሰጡኝ ግን ልጅ እንደሚድር ሰው ነበር ሐዘናቸው።

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ሦስት ናቸው። ፊት ፊት የሚሄዱት ጋሼ ደምሴ፣ ነጭ ፂማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ ምርኩዛቸውን ከጉልበታቸው በፊት የሚያራምዱ ሽማግሌ ናቸው። ሦስቱም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ የተላከ ሽማግሌ ጋቢውን ጥሎ አይገባማ። እኔም ለክብር ብዬ ሀና በመጀመሪያ ደሞዟ ያሠራችልኝን አዲስ ጋቢ ለብሻለሁ። ሼህ እንድሪስ ብቻ በስስ ጀለቢያ ናቸው። ብልህ ሰው ነበሩ፤ በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ቀድመው ይዘዋል።

እሳቱ ተለኩሷል። አረቄው በፋርማሲው አልኮል ተቀስቅሶ፣ ትንሽ እያመነታ፣ ይነድዳል። «ግቡ፣ ግቡ፣ ወደ እሳቱ ቀረብ በሉ፣ የክብር ቦታ እሱ ነው» አልኩ። ቀረቡ። «ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ደምሴ። «የመጣንበትን ተናግረን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም።»

ወግ ነው፤ ይህን አልረሳሁትም። የረሳሁት የተላከ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ እንደማይቀመጥ፣ ውኃም እንደማይቀምስ፣ ጋቢውንም እንደማይጥል የሚለውን ከእሳቱ ጋር አንድ ላይ ማሰብ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አውቃቸው ነበር፤ አንድ ላይ ግን አላሰብኳቸውም። እንዲህ አድርጌ ሦስት አዛውንት በግንቦት ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ እሳት ዳር አቆምኳቸው።

ሽታው ደግሞ መጣ። አረቄ ሲነድ እንዴት እንደሚሸት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሳሎኑ የገበያ ቀን መጠጥ ቤት ሆነ። ሼህ እንድሪስ የጀለቢያቸውን እጅጌ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«አንተ ሰው፣ ቤቱ ራሱ ጠጥቶ ነው እንዴ የጠበቀን? አስተግፊሩላህ! እኔ እዚህ ተቀምጬ ብሰክር ማን ያምነኛል?»

ጋሼ ደምሴ ንግግራቸውን ጀመሩ። «የመጣነው... ልጅዎን ለልጃችን...» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ዝምድናዎን ፈልገን ነው» ብለው ጨረሱት። ቀኝና ግራ ያሉት ሽማግሌዎች ፊታቸው የበሰለ ቲማቲም መስሏል፤ አንደኛው ቀስ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

ጨዋ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያሳጥር ነበር። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ከአያቴ ጀመርኩ። አያቴ በአሊዩ አምባ ገበያ እንዴት ይከበሩ እንደነበር ነገርኳቸው። ከአያቴ ወደ ቅድመ አያቴ ወጣሁ። የበቅሎዋን ስም ሳይቀር ጠቀስኩ። በጓዳው በር ስንጥቅ የሀና ዓይን ታየኝ፤ እንባ አቅርሯል። አየሁት፤ ግን በቅሎዋ ላይ ስለነበርኩ አልወረድኩም።

«እንግዲህ ነገሩ በጥድፊያ የሚሆን አይደለም፤ እኔም ዘመድ ላማ...» ስል እሳቱ ሊጠፋ ደከመ። ብሩክ ደግሞ እሳቱ ከጠፋ ክብራችን ጠፋ ብሎ ጀሪካኑን አንሥቶ የጋለው ሣጥን ላይ አንቆረቆረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ነው የሆነው። ሣጥኑ «ፏ!» አለ። ነበልባሉ በሚፈሰው አረቄ ላይ ወደ ላይ ተመልሶ ጀሪካኑን ያዘው፣ ብሩክ ጮኸና ለቀቀው፣ አረቄው እየነደደ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፣ ምንጣፉን አልፎ መጋረጃውን ያዘ። ሼህ እንድሪስ ሸሃዳ እያሉ ከነወንበራቸው ውጭ ተገኙ። እኔስ? እኔ «ዘመድ ላማ» የሚለውን አፌ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ አንድ ባልዲ ውኃ ይዛ ሮጠች፤ በድንጋጤ ይሁን በቂም እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ ውኃውን የደፋችው እኔ ላይ ነው።

እሳቱን ያጠፉት ጋሼ ደምሴ ናቸው። ምርኩዛቸውን ጥለው፣ ያን ድርብ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው፣ በዚያ የታመመ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ወለሉ ላይ ዘርግተው ተኙበት ማለት ይቻላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጋረጃውን ጎትተው አውርደው ረገጡት። ጀሪካኑን ባለቤቴ በእግሯ ወደ በረንዳ መታችው።

እሳቱ ጠፋ። የብሩክ ቅንድብ የለም። ወለሉ ላይ የጋሼ ደምሴ ጋቢ እዚህም እዚያም ጠቁሮ፣ አረቄ አረቄ እየሸተተ ተጥሏል። ጋሼ ደምሴም በአሮጌ ስስ ሸሚዝ፣ አጥንታቸው እየታየ፣ ምርኩዛቸውን በዳበሳ ይፈልጋሉ። ሽማግሌ ሆነው ቤቴ የመጡ ሰው በሸሚዝ ቀሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ምን እንደማደርግ ሳላስበው ጋቢዬን አወለቅኩና፣ ግማሹ እንደራሰ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው።

«አለቀ!» አሉ ሼህ እንድሪስ ከውጭ፣ በመስኮት። «ወላሂ አለቀ! የገዛ ጋቢውን ለሽማግሌ አልብሶ ‹ዘመድ ላማክር› የሚል ሰው የለም። ሰጥቷችኋል! አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ከዚህ የአረቄ ቤት ውጡና ተቀመጡ!»

ከጓዳው እልልታ ፈነዳ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት ለመሳም ጎንበስ ብለው፣ ወለሉ ገና ይፋጃልና ተመልሰው ቀና አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው ልጄን የዳርኩት፤ አንድ የእሺታ ቃል ከአፌ ሳይወጣ።

ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ነፋስ መጣ። ውኃ ጠጡ፤ ደጋግመው ጠጡ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጋሼ ደምሴ እኔን አንቱ ማለት ተዉ። ዘመድ ሆነናላ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያን እሳት ለምን አነደድከው?»

«ለክብርዎ ነበር። ደገኛ እሳት ይወዳል ብዬ...»

ሳቁ። የእድሜ ልክ ጭስ ያለበት፣ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ ነው። «እሳትማ ለእኛ ምን ብርቅ ነው? ዓይናችን በጭስ አይደል የጠፋው! ዛሬ ስወርድ ደስ ያለኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እሳት ሳላይ ሞቆኝ እውላለሁ ብዬ ነው።»

ሳላቸው ጋብ ሲል ቀጠሉ። «መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ሳስብ ነው የመጣሁት። የልጅቷ አባት አንድ ነገር ይጠይቀኛል ብዬ። ‹ልጄ ሙቀት ነው የለመደችው፤ በእናንተ ብርድ ምን ትሆንብኛለች?› ትለኛለህ ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ብጠብቅ ብጠብቅ ስለ በቅሎዋ ብቻ ነገርከኝ።»

ያኔ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። የባልዲው ውኃ ከዚህ ይሻል ነበር። እስከ ቅድመ አያቴ ድረስ ወጥቻለሁ፤ ወደ ልጄ ግን አልወረድኩም። ደብረ ሲናን ብትለምደውም፣ ከጣርማ በር በላይ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ እንደሚነጣ፣ ሀና ደግሞ ሰኔ ሲገባ ካልሲ የምትፈልግ ልጅ እንደሆነች አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«መልስዎ ምን ነበር?» አልኳቸው።

«ጋቢዬን አውልቄ ‹ይኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው› ልልህ ነበር። ሟቿ ባለቤቴ የፈተለችው ነው። አሁን እንግዲህ...» አሉና በአገጫቸው ወደ ቤቱ ጠቆሙ።

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ብሩክ በቅንድቡ ምትክ ቅባት ተቀብቶ ከሰዓቱን ጥሎን ሄደ። ሣጥኑን አልወሰደውም። ዛሬ ምድጃው ውስጥ ነው፤ ጭድ ጨምረንበት ዶሮ ታቅፋበታለች፤ ድመቷ እስካሁን አልታረቀችንም።

ጋሼ ደምሴ ሀናን ጠሯት። መጣች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ያዝ አደረጓትና የእኔን ጋቢ፣ እሷ በመጀመሪያ ደሞዟ ያሠራችልኝን፣ ከትከሻቸው አውልቀው አለበሷት። «የእኔው ቢቃጠልም መልሴ ያው ነው» አሏት። «እኛን ሳይበርደን አንቺን አይበርድሽም።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ማንጎው ሥር ያለነው ሁሉ በሸሚዝ ሆነን እየተራገብን ነው። ሀና ግን ጋቢውን እስከ አንገቷ ተከናንባ፣ ላቧ በጆሮ ግንዷ እየወረደ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ሳታወልቀው ዋለች። «ልጄ፣ ሙቀት ነው እኮ፣ አውልቂው» ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ተራራውን አየሁ፤ ጫፉን ደመና ሸፍኖታል። አፌን ዘጋሁ።